ቦቢ ወደ እንሰቱ ዞሮ የጮኸበት በልግ

ባለፈው ዓመት አንዲት አብሮ አደጌ ልጇን ስትድር ለሦስት ቀን ሶዶ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ግቢ ውስጥ ገና ያልጠነከረ ቡችላ አለ። ፀሐይ ዘወር እንዳለች ወደ አጥሩ ዞሮ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ይጮሃል። የቤቱ ልጆች እየተፈራረቁ ይወጡና «ዝም በል! ምንም የለም እኮ!» ይሉታል። እኔ ሳህን እያደራረቅኩ ነበር። «ምንም የለም» ሲሉ ሳህኑን አስቀመጥኩና ወጣሁ። አጥሩን ከጥግ እስከ ጥግ በስልኬ መብራት አየሁት። እውነትም ምንም አልነበረም። ትንሿ ልጅ «እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ።

ውሻ ሲጮህ «ምንም የለም» ለማለት የማልደፍረው ዘጠኝ ዓመቴን ከያዝኩበት በልግ ጀምሮ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ቤታችን ከሶዶ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ከጀርባው ሰፊ የእንሰት ጓሮ ነበረው። አምስት ሆነን ነበር የምንኖረው። አባዬ ጳውሎስ አናጢ ነው። እማዬ አለች፣ ገና ዳዴ የሚል ወንድሜ ዮናስ አለ፣ የአባዬ እናት እማማ ባሎቴ አለች፣ እኔ አስቴር አለሁ። ግድግዳው ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። የአባዬ ታላቅ ወንድም ማርቆስ ነው፤ ሰሜን ዘምቶ እዚያው ሞተ። ለቅሶው እኛው ቤት እንደተደረገ ይነገረኛል፤ እኔ ግን አላስታውሰውም።

ቦቢን አባዬ ከቦዲቲ ገበያ በጆንያ ይዞት መጣ። አሮጌው ውሻችን በክረምቱ ሞቶ ነበርና ጃርት የእንሰቱን ሥር እየቆፈረ አስቸገረን። ቦቢ ስድስት ወር ቢሆነው ነው። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ገና አልቆመም። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር። በመጋቢት ዝናቡ ሲጀምር እሱም ጀመረ። ቀኑን ተኝቶ ይውላል። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ ይነሳና ፊቱን ወደ እንሰቱ አዙሮ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጮሃል። ከዚያ እንደ ጀመረው ሁሉ በድንገት ያቆማል።

አባዬ «ጃርት ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው» አለ። ጠዋት ጓሮውን ሲዞር ግን አንድም የተቆፈረ እንሰት አላገኘም።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። አያታቸው ድሮ ከሸዋ ለሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሴት ናቸው። «ይሄ ቡችላ ሙት ነው የሚያየው። ጠበል እርጩበት» አሉን። እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን፤ እማዬ ለትህትና «እንጸልይበታለን» አለቻቸው።

እኔ ነገሩ እረፍት ስለነሳኝ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኩት። ሳቀና «ቡችላ ከእናቱ ሲለይ ብቻውን መሆን ያቅተዋል። ሲመሽ ይፈራል፣ ሰው ይፈልጋል፤ አጠገቡ ብትሆኚ ይተዋል» አለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ጆንያ አንጥፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አገጩን ጭኔ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ከደነ። መምህሬ ልክ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ቦቢ ተስፈንጥሮ ተነሳና ወደ እንሰቱ ያን ጩኸቱን ለቀቀው። የጀርባው ፀጉር ሁሉ ቆሟል። እናት የናፈቀው ፀጉሩ ይቆማል እንዴ? ግራ እንደገባኝ ወደ ቤት ገባሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ እማዬ የእንሰት ቅጠል ቆርጠሽ አምጪ አለችኝ። ከትልቁ እንሰት ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ የአንድ እግር ጫማ ዱካ አየሁ። የግራ ነው። ቀኙን ብፈልግ የለም። በቀኙ ፋንታ፣ የፍየል ኮቴ የሚያህል ክብ ጉድጓድ አለ። ግራ ጫማ፣ ጉድጓድ፣ ግራ ጫማ፣ ጉድጓድ፤ እንዲህ እያለ በታችኛው አጥር ቀዳዳ ይወጣል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ባሳየችን ሥዕል ላይ የሰይጣን አንዱ እግር የሰው፣ ሌላው የፍየል ነበር። ቅጠሉን ሳልቆርጥ ሮጥኩ። እማዬ ስትቆጣኝ እንኳ ያየሁትን መናገር አልቻልኩም። ስሙን ከጠራሁት የሚመጣብኝ መስሎኝ ነበር።

እማማ የተለወጠችው በዚያው ሰሞን ነው። በልግ የችግር ጊዜ ነው፤ ስኳር ድንቹ ገና አልደረሰም፣ ጎደሬውም እያለቀ ነው። እማማ ድርሻዋን ግማሽ በልታ ግማሹን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥር ጀመር። እማዬ «አሞሻል እንዴ?» ስትላት «ጥርሴን ነው» ትላታለች። የሚያማት ያህል ጥርስ ግን አልነበራትም።

አንድ ቀን እትዬ ሙሉ ቋጠሮዋን አይተው «ባሎቴ፣ ይሄ ለማን ነው?» አሏት። እማማ ከእኛ ጋር የምታወራው በወላይትኛ ነው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረገች ሰፈሩን ታስቃለች። «ልጄ ራባት» አለቻቸው። እትዬ ሙሉ እኔን ቁልቁል አዩኝ። ከቤታቸው አንድ ጭብጥ ቆሎ አምጥተው ኪሴ ውስጥ ከተቱና እማዬን «ልጅቷን ጾም አታሳድሯት እንጂ፣ እኔም እኮ ጎረቤት ነኝ» አሏት። እማዬ በኀፍረት አለቀሰች። እኔም አልራበኝም ነበር፤ ቆሎውን ግን በላሁት።

ያን ዕለት ሲመሽ እማማን ተከተልኳት። ቦቢን በገመድ ይዛው ነበር፤ ይጮሃል፣ እሷ አፉን በእጇ ትይዛለች። እንሰቱ መሃል ገብታ ቆመች። ከጨለማው ውስጥ ረዥም ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው፤ እግር የሚባል አይታይበትም። ከመሃሉ እጅ ወጣና ቋጠሮውን ተቀበላት። እማማ «ብላ፣ ብላ፣ ማንም አላየህም» ትለዋለች፤ ደግሞ ታለቅሳለች።

እማማ ወንጌል ከመቀበሏ በፊት ለቤቱ መንፈስ ጓሮ ውስጥ ምግብ ታኖር እንደነበር በጉባኤ ፊት ስትመሰክር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ተገጣጠመልኝ። እማማ ወደ ሰይጣኗ ተመልሳለች።

ሦስት ቀን አምቄ ያዝኩት። እሁድ፣ አስተማሪያችን «የሚጸለይለት ጉዳይ ያለው?» ስትል እጄን አወጣሁ። «አያቴ ሰይጣንን ጎደሬ ታበላዋለች» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሰኞ ወንጌላዊውና ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እማማን መሃል አስቀመጧት። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ወንጌላዊው ቀስ ብሎ «እማማ ባሎቴ፣ ሲመሽ ወደ ጓሮ ምግብ ይወስዳሉ?» አላት።

«እወስዳለሁ።»

«ለማን ነው?»

እማማ ዮናስን የምታጠባውን እማዬን አየች። አባዬን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። «አልናገርም» አለች።

«እናቴ፣ በጌታ ፊት ነን።»

«ጌታ ያውቃል። ለእናንተ ግን አልናገርም።»

ከጌታ እራት ታገደች። በሚቀጥለው እሁድ እንደ ወትሮው ነጠላዋን አጥባ ሄደች፤ ኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ከጎኗ የሚቀመጡት ሴቶች ፈቀቅ አሉ። እኔ ሰይጣንን አጋልጬ ነበር፤ መደሰት ነበረብኝ። የሰው ዕቃ እንደ ሰረቅሁ አንገቴን የደፋሁት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ማታ መደቡ ላይ አብረን ስንተኛ እማማ አልተቆጣችኝም። «ምኑን አየሽው?» ብቻ አለችኝ።

«ዱካውን። አንዱ የፍየል ነው።»

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የሳቀች መሰለኝ። ፊቷን በእጄ ስነካው እርጥብ ነበር።

አባዬ ነገሩን መሸከም አልቻለም። በሥራ ቦታ «የጠንቋይዋ ልጅ» ያለው ሰው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ማክሰኞ ገና ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር ባትሪውንና መጥረቢያውን አነሳ። «ጃርትም ሆነ ሌባ፣ ሰይጣንም ሆነ ማንም፣ ዛሬ አየዋለሁ» አለና ቦቢን ፈታው። እማማ ከኋላው ሮጠች። እኔም እሷን ተከትዬ ሮጥኩ፤ ለምን እንዳልቀረሁ አላውቅም።

ቦቢ ቀድሞን ገባ። የቅጠል መሰባበር፣ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። የአባዬ ባትሪ ወዲያ ወዲህ እያለ አገኘው። ጥቁሩ ነገር በጀርባው ወድቋል፤ ቦቢ ጫፉን ነክሶ ይጎትታል። አባዬ መጥረቢያውን አነሳ።

«ጳውሎስ!» ብላ እማማ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። «ወንድምህ ነው! ማርቆስ ነው!»

መብራቱ ፊቱ ላይ አረፈ። ጢሙ አድጎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ በመዳፉ ዓይኑን ከብርሃኑ የሚከልል ሰው ነው። ግድግዳችን ላይ ያለው ፊት ነበር፤ ያረጀ ብቻ። የወደቀው ምርኩዙ ራቅ ብሎ ተጋድሟል። ረዥሙ የወታደር ካፖርት ሲገለጥ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንደሌለ አየሁ። እኔ ታዲያ ምን ደመደምኩ? እትዬ ሙሉ ልክ ናቸው፤ ቦቢ ሲጮህ የከረመው በሞተ ሰው ላይ ነው።

አባዬ አላቀፈውም። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «ለቅሶህን ተቀምጠናል እኮ» አለው።

«አውቃለሁ። ነግረውኛል» አለ ሰውየው።

እማዬ ዮናስን አዝላ፣ ፋኖስ ይዛ ደረሰች። ቆመች። ብዙ ነገር ለማለት አፏን የከፈተች መሰለኝ። «እራት ትበላለህ?» ብቻ አለች፤ ልክ ለእንግዳ እንደሚባለው።

«በልቻለሁ። እማማ አብልታኛለች» አላት።

ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ውሃና ሳፋ አምጪ ተባልኩ። እግር ማጠብ ልማዴ ነበር፤ አንድ እግር አጥቤ ግን አላውቅም። አጥቤ ከጨረስኩ በኋላ ሌላውን እየጠበቅኩ ትንሽ ቆየሁ። ሰውየው ገባውና «በቃ፣ ያው ነው» አለኝ።

ከዚያ ለእማዬና ለአባዬ እየቀነጨበ ነገራቸው። ከቆሰለ በኋላ ሆስፒታል፣ ከዚያ ካምፕ ቆይቶ ተለቀቀ። ሶዶ መናኸሪያ ሲወርድ መጀመሪያ ያየው የሰፈር ሰው ጥሎት ሮጠ። ቆይቶ ተመለሰና ትከሻውን ነካክቶ «አንተ ተለቅሶልሃል። ሚስትህን ጳውሎስ አግብቷታል፣ ወልደዋል» አለው።

«ልመለስ ነበር» አለ ማርቆስ። «አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቻቸው ልሂድ አልኩ። በማግሥቱም ዛሬ ብቻ አልኩ። ቀን ቀን አሮጌው ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ እተኛለሁ፤ ሲመሽ እመጣለሁ። ይሄ ቡችላ ግን መግቢያ ከለከለኝ። የድሮው ውሻ ቢሆን እኮ ያውቀኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ነው እማማ ጃርት መስያት በዱላ የመጣችብኝ።»

አባዬ እማማን «ለምን ዝም አልሽ? ለምን ጠንቋይ እስክትባይ?» አላት።

«ብናገር አንዱን ልጄን ከቤቱ አስወጣለሁ» አለች። «ዝም ብል አንዱን በዝናብ አስደበድባለሁ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ታደርጉ ነበር?»

እኔ ግን ያልገባኝ ሌላ ነበር። «ከሩቅ ማንን ሊያይ ነው የመጣው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ማርቆስ ሳፋውን አየ። በመጨረሻ እማዬ «አንቺን ነው» አለች። «አባትሽ ነው። ሲዘምት ሁለት ዓመት አልሞላሽም።»

ወደ አባዬ ዞርኩ። ይስቃል፣ ወይም «ቀልድ ነው» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እጆቹን እያገላበጠ ያይ ነበር። አባት አንድ ብቻ እንደሆነ ነው የማውቀው፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። ማን እንደዋሸ ለማወቅ ፊታቸውን አፈራርቄ አየሁ። ሁለቱም እኩል ያፈሩ ይመስሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ብዙ ተባለ፤ ስለ ርስት፣ ስለ ቃል ኪዳን፣ በሕይወት ስላለ ባል። በመጨረሻ አንዱ «ሴትየዋ ትናገር፤ የማን ሆና ትቀጥላለች?» አሉ።

እማዬ ተነሳች። «ሬሳ ሳላይ አልቅሺ አላችሁኝ፣ አለቀስኩ» አለች። «ከቤቱ እንዳትወጪ ወንድሙን አግቢ ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ፤ አገባሁ። አሁን ደግሞ ምረጪ ትሉኛላችሁ። የበደለኝ ባል የለኝም። እኔም አልበደልኩም። ስህተቱ የማን እንደሆነ አንዳችሁ ብትነግሩኝ፣ ያኔ እመርጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምርኩዙን ተደግፎ የተነሳው ማርቆስ ነበር። «አትጠይቋት» አለ። «አረካ ከተማ ጫማ የሚሰፋ የጦር ጓደኛ አለኝ፤ ና አብረን እንሥራ ብሎኛል። እኔ እሄዳለሁ። ልጄ ከለመደችው ቤት አትነሳ።»

ነገሩ በዚህ ያለቀ ሲመስል እማማ ከጥግ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። አባዬ ደንግጦ «እማማ!» ሲላት «አንተ ሁለት እግር አለህ፣ ሚስት አለህ፣ ቤት አለህ» አለችው። «እሱ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ወንጌላዊው በቀጣዩ እሁድ በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቃት፤ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። እኔም ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ አጠገቧ ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ አልዋሸሁም። ግን እሷን አጣሁ። እማማ ጠጋ አድርጋኝ «ባትናገሪ ኖሮ እስካሁን ዝናብ ላይ ነበር» አለችኝ። እኔን ለማጽናናት የተባለ ይሁን እውነት ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።

የሄዱት በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። እማዬ መናኸሪያ አልመጣችም። ስንቅ በጨርቅ ቋጥራ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ለእሱ በእጁ ስጪው» አለችኝ። እኔና አባዬ ሸኘናቸው። አባዬ ወንድሙን ደግፎ የአረካው መኪና ላይ አወጣው። ሁለቱ ተሳስመው ብዙ ቆዩ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እማማ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ማርቆስ ከወዲያኛው በኩል ነው፤ ሰዎች መሃላችን ገቡ። ሞተሩ ተነሳ። ስንቁ ግን ገና እጄ ላይ ነው።

መጥራት ነበረብኝ። «አባዬ» እንዳልል አባዬ አጠገቤ ቆሟል። «አጎቴ» እንዳልል አጎቴ እንዳልሆነ ተነግሮኛል። ስሙን መጥራት ነውር ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ መንገድ ላይ ላገኘሁት ለማንኛውም ትልቅ ሰው የምለውን «ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ።

መናኸሪያው በጋሼዎች የተሞላ ነበር፤ ብዙዎቹ ዞሩ። ከመኪናው ውስጥ ግን አንድ ድምፅ ፈጥኖ «አቤት!» አለ። በሰዎቹ ራስ ላይ እጁን ዘረጋና ስንቁን ተቀበለኝ። ጣቶቼንም አብሮ ያዛቸው፤ መኪናው እስኪጎትተው ድረስ አልለቀቃቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከአባዬ ጋር ገበያውን አለፍን። ከዚያ መንገድ መንገዱን እያየ «ጋሼ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

ጥቂት ሄድን። «እኔንስ ከእንግዲህ ምን ልትይኝ ነው?» አለኝ።

እንደ እሱ ያለ ትልቅ ሰው፣ ያውም ቤት የሚሠራ ሰው፣ ፈርቶ አይቼ አላውቅም ነበር። እጁን ፈልጌ ያዝኩት። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። «አባዬ» አልኩት። መስማቱን ስላላመንኩ ደግሜ አልኩት።